መልስ፦ «ፐርሴፖሊስ»ን ልጅሽ ታንብበው

ሰላም እህቴ። «የ10ኛ ክፍል ልጄ አሜሪካ ውስጥ የታገደውን ‹ፐርሴፖሊስ› ላንብብ አለችኝ፤ ስለ ኢራን ማወቁ ምን ያደርግላታል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ያለ ማመንታት ታንብበው እላለሁ። መጽሐፉ ደራሲዋ የራሷን ልጅነት በሥዕል የተረከችበት ነው።

እገዳው እንዲህ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር መጽሐፉ እንዲነሳ አዘዘ። ተማሪዎች ተቃውሞ ሲወጡ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቆይ፣ 7ኛ ክፍል ላይ ግን አይሰጥ ተባለ። ምክንያቱ የስቃይ ሥዕሎች ናቸው። አሉ፣ አልደብቅሽም። ግን በጥቁርና ነጭ የተሣሉ፣ ጥቂት ናቸው፤ ከእስር የተፈቱ የቤተሰብ ወዳጆች ሲያወሩ የሰማች ሕፃን በአእምሮዋ ያየችው ነው።

ደራሲዋ ማርጃን ሳትራፒ ቴህራን ነው ያደገችው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1980 እ.ኤ.አ.፣ እሷ 10 ዓመቷ ሳለ፣ ትምህርት ቤት ሂጃብ ግዴታ ሲሆን ነው። ልጃገረዶቹ ግቢ ውስጥ ሂጃባቸውን ገመድ አድርገው ሲዘሉበት ታያለሽ። ኢራንን በዜና ብቻ ለምታውቅ ልጅ ይቺ አንዲት ሥዕል ከብዙ ገለጻ ትበልጣለች፤ እኩዮቿን ታገኛለቻ! ደግሞስ አብዮት፣ ጦርነት፣ የተገደለ አጎት፣ በ14 ዓመት ብቻን ወደ ቪየና መላክ... ደርግን ያየ ቤተሰብ ይህን ባዕድ ታሪክ ይለዋል? ልጅሽ አያቷን እንድትጠይቅ በር ይከፍትላታል።

የስቃዩ ገጽ ላይ ስትደርስ አብረሻት ሁኚ። የቪየናውን ክፍል ግን ቀድመሽ አንቺ አንብቢው፤ ዕፅና የፍቅር ግንኙነት እዚያ ይነሳል።