ሐይቅ እስጢፋኖስ ስትሄዱ ቁጥቋጦውን አትለፉት

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄጄ ምን አያለሁ? ዛፍ እንደሆነ ደሴም ሞልቷል» አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ታሪኩን ከእኔ አትጠብቁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን እንዳቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ እንደተማሩ፣ ቦታው ድሮ ደሴት እንደነበረ አስጎብኚው ይነግራችኋል። እኔ የደን ሰው ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት የወይራ ችግኝ ነው።

ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ነው። የወሎ ተራራ ተራቁቶ፣ በምግብ ለሥራ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተከላል። የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ባሕር ዛፉ ይጸድቃል። ወይራው ግን አንድ በጋ አይሻገርም። ሐምሌ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ደህና ሆኖ ይወጣል፤ ጥር ላይ ጭራሮ ነው።

አንድ ቀን ከሾፌራችን ጋር ገዳሙ ገባን። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አጥር ሥር ያርማሉ። «አባቴ፣ ይሄን ሁሉ ወይራ ማን ተከለው?» አልኳቸው።

«ወፍ» አሉኝ።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ክንዴን ይዘው ወደ አንድ የአጋም ቁጥቋጦ ወሰዱኝና እሾሁን በመቋሚያቸው ገለጥ አደረጉት። ውስጡ ስንዝር የማትሞላ ወይራ ቆማለች። ሥሯ ያለውን አፈር ነካሁት፤ ርጥብ ነው። ሁለት እርምጃ ወጣ ሲሉ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ወፏ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥላለች። አጋሙ ችግኟን ከፀሐይ ይጋርዳታል፣ ፍየልም አያስጠጋም። እኛ ደግሞ ከመትከላችን በፊት የመጀመሪያ ሥራችን ምንጣሮ ነበር! ሾፌሩ፣ የገጠር ልጅ ነው፣ «ይሄንማ እናቴም ታውቀዋለች» ብሎ አሳቀቀኝ።

ደሴ ስመለስ ቁጥቋጦው አይመንጠር ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «የገዳም ወሬ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» ብሎ መለሰልኝ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ይህንኑ አጥንተው፣ የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ መሆኑን አሳዩ። ሳነበው ደስታም ንዴትም ተናነቀኝ። አለቃዬን አንድ ጊዜ እንኳ ብሞግተው ምን ነበረበት?

የዛሬ ልጆችን ግን እታዘባችኋለሁ። በሩ ላይ ሰልፊ፣ ውኃው ዳር ሰልፊ፣ ከዚያ ወደ ዓሣ ጥብስ። ዓሣው ላይ አልፈርድም፤ ቀረሶ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ገደማ ነው፣ እኛም አበል በወጣ ቀን አናልፈውም ነበር። ስልካችሁን ግን ኪሳችሁ ክተቱ። አጋም ሥር ወይራ ካገኛችሁ ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

እህቶቼ፣ የወንዶቹ ገዳም ውስጥ አትገቡም። አጠገቡ የሴቶቹ ገዳም አለ፤ እማሆዮቹን ስለ ዛፎቹ ጠይቋቸው። ከአስጎብኚ ይልቅ አትክልት የሚያርሙትን ማናገር ይሻላል።

የመግቢያ ቢያስከፍሏችሁ አትከራከሩ። ደረሰኝ ግን ጠይቁ።