የዱባ ቢራ፦ የቱን ገዝቶ እንዴት ማወዳደር?

እህቴ፣ «ሜሪላንድ ነኝ፤ ሱቁ ሁሉ የዱባ ቢራ ሆኗል፣ የቱን ልግዛ? እንዴትስ ላወዳድር?» ላልሽው።

መጀመሪያ፣ ዱባ ዱባ የሚል ነገር አትጠብቂ። ዱባ ጣዕሙ ስስ ነው፤ እርሾው ስኳሩን ከበላው በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሰው «ዱባ» የሚለው ሽታ የዱባ ፓይ (አሜሪካኖች በቂጣ ላይ ዱባ ሞልተው የሚጋግሩት ጣፋጭ) ቅመሙ ነው፦ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ ከተማ ይህን ቢራ ያስነሳው ጠማቂው ቢል ኦውንስም ዱባው ብቻውን አልሰማ ስላለው ነው ቅመም የጨመረበት። ስለዚህ የምታወዳድሪው ቅመሙንና ከሥሩ ያለውን ብቅል ነው።

በነጠላ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጊና ሦስት ያዢ። ከዚያ ካለፈ ቅርንፉዱ ምላስ ያደነዝዛል። ቅደም ተከተሉ በአልኮል መጠን ይሁን፦ ሺፕያርድ ፓምኪንሄድ (ከ5 በመቶ በታች)፣ ዶግፊሽ ሄድ ፐንኪን (7)፣ መጨረሻ ሳውዘርን ቲየር ፓምኪንግ (8.6)። ፓምኪንግ ቫኒላና የፓይ ቂጣ የሚሸት ጣፋጭ ነው፤ እሱን ቀምሰሽ ወደ ፓምኪንሄድ ከተመለስሽ ውሃ ይሆንብሻል።

ከፍሪጅ እንደወጣ አትቅመሺ፤ ቅዝቃዜው ሽታውን ይዘጋዋል። ቀላሉን 10 ደቂቃ፣ ፓምኪንግን ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዪው። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ቅጂ፣ አሽትቺ፣ ከዚያ ጎንጨት። ጥሩ ከሆነ ከቅመሙ ኋላ ብቅሉ ይመጣል፤ ካራሜል፣ የተጠበሰ ዳቦ። ቅመሙ የበዛበት ግን ብዙ ቅርንፉድ ተጥሎበት እንደቆየ ሻይ ድድ ያደርቃል፣ ጉሮሮም ላይ ይቀራል። በየመሃሉ ውሃና ነጭ ዳቦ። በርበሬ ያለበት ወጥ ከበላሽ ለሌላ ቀን አስተላልፊው። ባር ውስጥ ከሆነም የብርጭቆውን ከንፈር በቀረፋና ስኳር እንዳይቀቡት ንገሪያቸው፤ የምትቀምሺው ስኳሩን ይሆናል።

ለእኔ ከሦስቱ ፐንኪን ይበልጣል፤ ቡናማ ስኳሩ አለ፣ ቅመሙ ግን ብቅሉን አይጫነውም። የጎረቤታችሁ የዴላዌር ቢራ ነው፤ ፋብሪካው በ1995 ሳይከፈት፣ በ1994 በዱባ ውርወራ ውድድር ላይ የምግብ አሠራር ሽልማት ወስዷል።

የታሸገበትን ቀን ሳታዪ አትክፈይ። አዲሱ ምርት ከነሐሴ በፊት እንኳ መውጣት ይጀምራል፤ በቅናሽ የተደረደረው ግን ያምናው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚጠፋው የቅመሙ ሽታ ነው፣ የሚቀረው ደረቅ ጣፋጭነትና እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ።