ስለ ተፅዕኖ ፈጣሪዎችና ተከፍሎባቸው ስለሚሠሩ ቪዲዮዎች፦ የባሕር ዳር ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ፣ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ሰዎች። ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የመጣው ቅሬታ «ተፅዕኖ ፈጣሪዎች (ብዙ ተከታይ ያላቸው ቪዲዮ ሠሪዎች) ከሚለቁት የቱ ምክር፣ የቱ ማስታወቂያ እንደሆነ መለየት አቃተን» የሚል ስለሆነ የዛሬው ምሽት ለዚሁ ይሁን። ሻጭም ገዢም ቪዲዮ ሠሪም ይጠይቅ።

ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ፦ ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን እንቀንሳለን። አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ስለ ሻምፑ ስታወራ ግን እስከ መጨረሻው እናያለን። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጅቷን የምታውቃት ስለሚመስልህ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን በ1956 እ.ኤ.አ. የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢዎች ከተመልካች ጋር ስለሚፈጥሩት የአንድ ወገን ቅርበት ጽፈዋል፤ ተመልካቹ አቅራቢውን እንደ ወዳጅ ያውቀዋል፣ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ስልክ ይህንን ቅርበት አጠበቀው። አስተውለህ ተመልከት፦ ካሜራው ከፊቷ የሚርቀው አንድ ክንድ ነው። በዚያ ርቀት የሚያናግርህ ሰው ቤተሰብ ብቻ ነው። ከኋላዋ የታጠፈ ጋቢ፣ ረከቦት፣ ግድግዳው ላይ የምርቃት ፎቶ ይታያል። ትናንት ጉንፋን እንደያዛት ነግራሃለች፤ አስተያየት ስትጽፍላት በስምህ ጠርታ መልሳልሃለች። ከስድስት ወር በኋላ ሻምፑውን ስታነሳ የምትሰማት እንደ ጎረቤት ነው። ሻጩ የሚከፍለውም ለዚያ ስድስት ወር ነው።

በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ቡና ላይ ጎረቤታችን «በርበሬውን ከእገሌ ግዢ» ስትል እናምናታለን። ልዩነቱ ጎረቤታችን አልተከፈላትም። ክፍያ ካለ ይነገር ነው የምንለው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ተማሪ፣ ፖሊ ግቢ፦ ካልተነገረንስ በምን እንለያለን?

መልስ፦ አንድ ምልክት ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሦስት አራቱ ሲገጣጠሙ ግን ጠርጥር። የዕቃው ስም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ጽሑፉ ወደ ካሜራው ዞሮ ነው የሚያዘው፤ በቤቱ የሚጠቀምበት ሰው እንዲህ አይዝም። መጨረሻ ላይ አድራሻ፣ ስልክና «በእኔ ስም የመጣችሁ ናችሁ በሏቸው» የሚል ቅናሽ ይመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል መናገራቸው ነው፤ ጽሑፉ ከአንድ ቤት ወጥቷል ማለት ነው።

መድረኮቹም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ዩቲዩብ ላይ ሠሪው ቪዲዮውን ሲጭን «ክፍያ አለበት» የምትለዋን ሳጥን ምልክት ካደረገባት ቪዲዮው ሲጀምር ክፍያ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራምም ተመሳሳይ ማብሪያ አላቸው። ማብሪያውን የሚነካው ግን ሠሪው ራሱ ስለሆነ፣ ጽሑፉ አለመኖሩ ክፍያ አለመኖሩን አያሳይም። ስጦታም ክፍያ ነው፦ ነፃ የሆቴል ሌሊት፣ ነፃ ጫማ፣ ነፃ ምሳ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በነፃ የተሰጠ ዕቃም እንዲገለጽ ይጠይቃል። «ማስታወቂያ» ብሎ መጻፍ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ኪም ካርዳሺያን አንድ የክሪፕቶ (በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ) ገንዘብ ስታስተዋውቅ ማስታወቂያ መሆኑን ምልክት አድርጋበት ነበር። 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ግን አልገለጸችም። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚህ ጉዳይ 1.26 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏታል።

የካፌ ባለቤት፣ ፋሲሎ አካባቢ፦ 400,000 ተከታይ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ለአንድ ቪዲዮ 20,000 ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?

መልስ፦ ተከታይ አይቆጠርም፤ ወደ ካፌሽ በባጃጅ ሊመጣ የሚችል ተመልካች ነው የሚቆጠረው። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ የመጨረሻዎቹ 10 ቪዲዮዎች ስንት ስንት ጊዜ ታዩ? አንዱ 900,000 ታይቶ ዘጠኙ 20,000 ከሆነ አማካዩ ያታልልሻል፤ በቅደም ተከተል ደርድሪና መሐል ያለውን ውሰጂ። ሁለተኛ፣ ተመልካቾቹ የት ናቸው? ፌስቡክና ኢንስታግራም ከተማ በከተማ ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ሰው ቪዲዮውን ስንት ሴኮንድ ቆይቶ ያያል? የካፌሽ ስም በ25ኛው ሴኮንድ ላይ የሚጠራ ከሆነና ተመልካቹ በ6ኛው የሚሄድ ከሆነ ገንዘብሽ ውኃ በላው። እነዚህን በፎቶ አትቀበይ፤ ፎቶ በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። ስልኩን ከፍቶ ፊትሽ ያሳይሽ፣ ሩቅ ከሆነ ስክሪኑን በቪዲዮ ቀድቶ ይላክ።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሪ። አንድ ደንበኛ ወጪው ተቀንሶ 80 ብር የሚያተርፍሽ ከሆነ 20,000 ብሩን ለመመለስ 250 አዲስ ሰው ያስፈልግሻል። የልጁ ቪዲዮ 50,000 ጊዜ ቢታይና ከዚያ ውስጥ ባሕር ዳር ያለው ከመቶ 6 ቢሆን 3,000 ሰው ነው። ከመቶው አንዱ እንኳ ቢመጣ 30 ሰው ነው። አሁን ደግሞ 9,000 ተከታይ ያላትን የከተማችንን ልጅ አስቢ፦ ቪዲዮዋ 4,000 ጊዜ ይታያል፣ ከመቶ 60ው እዚሁ ነው፣ ማለትም 2,400። ዋጋዋ 3,000 ብር ቢሆን፣ በዚያው ከመቶ አንድ 24 ሰው ይመጣል። ሁለቱም ዕለቱን ወጪያቸውን አይመልሱልሽም፤ የእሷ ጉድለት ግን አንድ ሺህ ብር አካባቢ ነው፣ የእሱ ከ17,000 ይበልጣል። የመጣው ሰው ቢመላለስ የእሷ ቶሎ ይሞላል።

ስትስማሙ ግማሹን በፊት፣ ግማሹን ቪዲዮው ወጥቶ 7 ቀን ከቆየ በኋላ ክፈይ። ለየቪዲዮው የተለያየ የቅናሽ ቃል ስጪ፤ ለአንዷ «ጣና»፣ ለሌላው «ዓባይ»። ሒሳብ ተቀባይዋ ቃሉን የጠራውን ሁሉ ደብተር ላይ ምልክት ታድርግ። ይህ ደብተር ከሌለ የቱ እንደሠራ በጭራሽ አታውቂም። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፦ ቪዲዮው ብዙ ላይክ አገኘ ብሎ ይደሰታል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው።

የፀጉር ቤት ባለሙያ፣ ሽምብጥ፦ የተገዛ ተከታይ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ አስተያየቶቹን አንብቢ። 80,000 ተከታይ ኖሮት ከቪዲዮው ሥር የእሳትና የልብ ምስል ብቻ ካለ፣ ዋጋ ወይም ቦታ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ሰው የለም ማለት ነው። አስተያየት ከጻፉት ውስጥ አሥሩን ከፍተሽ እይ፤ ፎቶና ቪዲዮ የሌላቸው፣ በማናውቀው አገር ስም የተከፈቱ ከሆኑ ተይው።

የጀልባ አስጎብኚ፦ ቪዲዮ ዓይተው በመጋቢት ጢስ ዓባይ የሚመጡ እንግዶች «የታለ ውኃው?» ብለው እኛን ይቆጣሉ።

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ግን መቆጣት ያለባቸው ቪዲዮውን የሠራው ላይ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚወርደው ክረምቱ ሲበረታና ሲወጣ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ውኃው ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫው ይዞራል። በመስከረም የተቀረጸ ቪዲዮ በጥር ሲለጠፍ ሐሰት ባይነገርበትም ያታልላል። ቪዲዮ ለሚሠራላችሁ ሰው እንደ ግዴታ አስቀምጡ፦ የተቀረጸበት ወር ስክሪኑ ላይ ይጻፍ። የጀልባው ዋጋ ለሙሉ ጀልባ ይሁን በሰው፣ የመግቢያ ክፍያው ለብቻ መሆኑ ይነገር። ገዳማቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ ሳይነገር ባልና ሚስት ጀልባ ላይ ከወጡ ቀኑ ተበላሸ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ ሌላ ገዳም ውስጥ ሥዕሎቹን ለመቅረጽ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። እምቦጩንም አትደብቁ፤ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳር ያለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስሟን ያልገለጸች፦ ታናሽ እህቴ አንዲት ቲክቶከር የምታስተዋውቀውን የፊት ማንጫ ክሬም ጀምራለች። በሁለት ሳምንት ፊቷ በራ። ልከልክላት?

መልስ፦ አዎ፣ ግን በጥበብ። በሁለት ሳምንት «የበራው» ነገር ነው የሚያሰጋኝ። ብዙ የማንጫ ክሬሞች ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ (በሐኪም የሚታዘዝ የቆዳ መድኃኒት) አለባቸው። ስቴሮይድ መጀመሪያ ብጉርና መቅላትን ያጠፋል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ «በፊትና በኋላ» የሚለው ቪዲዮ የሚቀረጸው በዚያች ሳምንት ነው። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ሸንተረር ይወጣል። ሲቆም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ያኔ ልጅቷ «ክሬሙን ስላቆምኩ ነው» ብላ ትመለስበታለች። ቲክቶከሯ ያንን ወር አትቀርጸውም።

ካርቶኑን አምጥተሽ አንብቢ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሃይድሮኩዊኖን የሚል ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ የሚቀባ አይደለም። ሜርኩሪ፣ ካሎሜል የሚል ካለ ወዲያው ይጣል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከቀቢዋ አልፎ አብረዋት ላሉ ሕፃናትም ይተርፋል። ስሙ ባይጻፍ እንኳ «ወርቅ፣ ብር፣ አሉሚኒየም አታስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽ የሜርኩሪ ምልክት ነው። ምንም ዝርዝር የሌለው፣ ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በትንሽ ጣሳ የሚሸጥ ከሆነ አይነካ። ስቴሮይድ ሆኖ ከአንድ ወር በላይ ተቀብታው ከሆነ ግን በራሷ በድንገት አታቁም፤ ካርቶኑን ይዛ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ እሱ ቀስ በቀስ ያስተዋታል።

ቪዲዮውን ደግሞ አብራችሁ እዩት። «በፊት» የሚለው መስኮቱ ከኋላዋ ሆኖ ነው፣ «በኋላ» የሚለው መስኮቱ ከፊቷ። እጇን ወደ ጉንጯ ስታነሳ የበሩ መቃን ከተጣመመ የፊት ማሳመሪያ ፊልተር በርቷል። እህትሽ ይህንን በዓይኗ ካየች ከአሥር ምክር ይበልጣል።

ቪዲዮ ሠሪ፣ 12,000 ተከታይ፦ እኔ ባልደብቅ ደስ ይለኛል፤ ግን «ተከፍሎኛል» ስል ሰው ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ። ውልስ ምን ይኑረው?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴኮንዶች በአፍህ ተናገር፣ በጽሑፍም ስክሪኑ ላይ አቆይ፦ «ይህን ቪዲዮ እንድሠራ ይህ ሱቅ ከፍሎኛል፤ አስተያየቱ የራሴ ነው።» ከሥር ባለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ «ተጨማሪ» ተብሎ ካልተከፈተ በማይታይበት ቦታ አትደብቀው። ከዚያ ዕቃው ላይ ያየኸውን አንድ ጉድለት ጨምር፤ «ማሰሪያው ቶሎ ይላላል» ስትል ሌላው ያልከው ሁሉ ይታመናል። ጉድለት እንዳትናገር የሚከለክል ሻጭ ካለ እሱን ተወው።

ውሉ በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ስንት ቪዲዮ፣ በየትኛው መድረክ፣ ለስንት ቀን ሳይጠፋ ይቆያል፣ ሻጩ ስንት ጊዜ ማስተካከያ መጠየቅ ይችላል (ሁለት ይበቃል)፣ ክፍያው በየትኛው ቀን። ሁለት ነገር ብዙዎች ይረሳሉ። ሻጩ ቪዲዮህን ወስዶ በራሱ ገጽ ማስታወቂያ ሊያደርገው ከፈለገ ለብቻው ይከፈልበት። «የሌላ ካፌ አትሥራ» ካለህም ለስንት ወር እንደሆነ ይጻፍ፤ አለዚያ በ3,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ታስረህ ትቀራለህ።

ሕጉንም እወቅ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። በምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆ ማስተዋወቅ ክልክል ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒትም ለሕዝብ አይተዋወቅም፤ አልኮልም ገደብ አለበት። ገቢው ግብር አለበት፤ የተከፈለህበትን ደረሰኝና የቴሌብር መልእክት ሰብስብ።

ነጋዴ፣ ግሽ ዓባይ፦ ቴሌግራም ላይ ታዋቂ ልጅ «ገንዘባችሁን በወር እጥፍ» የሚለውን እንግባበት?

መልስ፦ አትግቡ። መጀመሪያ የምታወጡት ትንሽ ትርፍ የሚከፈላችሁ ከእናንተ በኋላ ከገባው ሰው ኪስ ነው። ልጁ የሚከፈለው ደግሞ ባስገባው ሰው ቁጥር ነው፤ እሱ አይከስርም።

እናት፣ ዘጌ፦ ልጄ በስልክ ያየችውን ሁሉ ገንዘቡን አስቀድማ ትልካለች። ሁለት ጊዜ ዕቃው አልመጣም። ምን ላድርጋት?

መልስ፦ እናቴ፣ አይቆጧት፤ ዘዴ ያስይዟት። ያማራትን ዕቃ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋ ሦስት ቀን ታቆየው፤ ከዚያ በኋላም ከፈለገችው ስሙን ፈልጋ የገዙ ሰዎች ያሉትን ታንብብ። ገንዘብ ዕቃው እጅ ሲገባ እንጂ አስቀድሞ አይላክ። ሻጩ እምቢ ካለ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይይላት፤ ሱቁ ከሌለ ዕቃውም የለም። አሁን ለጠፋው ደግሞ የተላከበትን የቴሌብር መልእክት እንዳታጠፋው፣ የሻጩን ገጽና የተጻጻፉትን በስክሪን ፎቶ ታስቀምጥ። ገጹ ነገ ሊጠፋ ስለሚችል ዛሬ ማታ ታድርገው። ከዚያ ሁለቱንም ይዛችሁ በቅርብ ያለው ፖሊስ ዘንድ አመልክቱ።