ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ስም ሳንተዋወቅ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ዳላስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የነጭ ባፕቲስቶችን አዳራሽ ተከራይታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታመልካለች። ስድስት ዓመት ሆነን፤ የእነሱን መጋቢ ስም እንኳ አላውቅም። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እዚያ ታመልካለች። በቀደም "የእናንተ ሰዎች መንገድ ላይ ስንገናኝ ለምን ሰላም አይሉንም?" አለችኝ። አፈርኩ። ለአንድ ሽማግሌያችን ብነግራቸው "የእነሱ ጣጣ የቆየ ነው፤ እኛ ምን አገባን?" አሉኝ። ከሌላ ዘር ሰው ጋር መወዳጀት የእምነት ጉዳይ ነው ወይስ የጠባይ? መጋቢዎችስ ምን ማድረግ አለባቸው? ጥቁሮቹስ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ለይተው መያዛቸው ልክ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እሱ ግልጽ ካልሆነ ሌላውም ግልጽ አይሆንም።

ባርነት በነበረበት ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ነጭና ጥቁር ባፕቲስቶች ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ነበሩ። በአንድ ውኃ ይጠመቃሉ፤ ስማቸው በአንድ መዝገብ ይጻፋል። ባሪያው የሚቀመጠው ግን ሰገነት ላይ ወይም ከኋላ ነው። እሑድ "ወንድሜ" ያለው ሰው ሰኞ ልጁን ሊሸጥበት ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1845 የደቡብ ባፕቲስቶች ኦገስታ፣ ጆርጂያ ላይ ተሰብስበው ሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን የተባለውን የአጥቢያዎች ኅብረት ሲመሠርቱ፣ ከሰሜኖቹ ያለያያቸው ዋናው ነገር ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ መላክ ይችላል ወይ የሚለው ነበር። በ1865 ባርነት ሲቀር ጥቁሮቹ በብዛት ወጡ። የራሳቸውን መጋቢ መረጡ፤ የራሳቸውን መድረክ አቆሙ። ኮንቬንሽኑ ስለዚህ ታሪክ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው። ከተመሠረተ 150 ዓመት ሆኖት ነበር።

ስለዚህ "ለምን ተለዩ?" ብለን ስንጠይቅ እንጠንቀቅ። ሰገነት ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው የራሱን ቤት ሠርቶ ወለሉ ላይ ቢቀመጥ፣ ማዕድ ረግጦ ወጣ አይባልም። መጀመሪያም ማዕዱ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሽማግሌያችሁን አከብራቸዋለሁ፤ ከእውነት ርቀውም አይደለም። ጣጣው የቆየ ነው። "ምን አገባን" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። አሜሪካ ከየትኛው አገር ስንት ሰው ይግባ ብላ በዘር ትመድብበት የነበረውን ኮታ ያስቀረችው በ1965 ነው። ያ ሕግ የወጣው ጥቁሮቹ ለመብታቸው በሚታገሉበት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግን የመሰሉ የባፕቲስት መጋቢዎች እስር ቤት በሚገቡበት ዘመን ነው። እኛ ዛሬ በዚህ አገር አዳራሽ ተከራይተን በአማርኛ የምንዘምረው በዚያ ትግል በተከፈተ በር ገብተን ነው። ይህን ለልጆቻችን አንነግራቸውም። በየቤታችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚባለውን ግን ይሰማሉ። የሰው ልጅን በመልኩ ማሳነስ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ኃጢአት ነው፤ አሜሪካ አላስተማረችንም። ንስሐ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የእምነት ጉዳይ ነው ወይ? ነው። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው ስለ ምን እንደሆነ ገላትያ ምዕራፍ 2ን ክፈቺና እዪ። ጴጥሮስ የሐሰት ትምህርት አላስተማረም። ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ የወገኑ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ አፈገፈገ። ይኼው ነው። ጳውሎስ ግን "እንደ ወንጌል እውነት" አልሄዱም አለ። ማንን አጠገብህ አስቀምጠህ ትበላለህ የሚለውን የጠባይ ጉዳይ ነው ብሎ አላለፈውም።

መጋቢዎችን በተመለከተ፣ ባፕቲስቶች ዘንድ ጳጳስ የለም። እያንዳንዷ አጥቢያ ራሷን ታስተዳድራለች፤ መጋቢዋንም ራሷ ትጠራለች። ከላይ ሆኖ "አብራችሁ አምልኩ" ብሎ የሚያዝ አካል የለም። ለዚህ ነው የሁለት መጋቢዎች ወዳጅነት ያን ያህል ዋጋ ያለው። እነሱ ካልተዋወቁ ምዕመኑ አይተዋወቅም።

የኒው ኦርሊንሱን ታሪክ ላንሣልሽ። በነሐሴ 2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ፣ ፍሬድ ሉተር የሚያገለግሉበት ፍራንክሊን አቬኑ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውኃ ገባበት። ብዙ ሺህ ጥቁር አባላት የነበሩት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ምዕመኑ በየከተማው ተበተነ። አብዛኛው አባሏ ነጭ የሆነችው የፈርስት ባፕቲስት መጋቢ ዴቪድ ክሮስቢ አዳራሻቸውን ከፈቱላቸው። ፍራንክሊን አቬኑዎች በ2008 ቤታቸውን አድሰው እስኪመለሱ ድረስ ሁለቱ አጥቢያዎች ሕንፃውን ተጋሩት። ቆየት ብሎ፣ በ2012፣ ኮንቬንሽኑ እዚያው ኒው ኦርሊንስ ሲሰበሰብ ክሮስቢ ተነሥተው ሉተርን ለፕሬዚዳንትነት ጠቆሙ። ተቀናቃኝ አልቀረበም። በባሪያ አሳዳሪዎች ጉዳይ የተመሠረተ ጉባኤ የመጀመሪያውን ጥቁር ፕሬዚዳንት መረጠ። ያን ጥቆማ ያቀረበው ሰው ቁልፉን ያካፈለው ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሹመቱ ሁሉንም ነገር አስተካከለ አልልሽም። አላስተካከለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን እንደ እናንተው ተከራይ ነበረች። አንድ እሑድ ስንገባ መድረኩ ላይ አበባ ተደርድሯል፤ ነጭ ጽጌረዳ፣ ገና ያልጠወለገ። ገፋ አድርገን ኪቦርዱን አቆምን። ዘመርን፤ አጨበጨብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጥ ቤቱ በር ላይ "እባካችሁ ቅመም ያለው ምግብ አታብስሉ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የእኛ ሰው ተቆጣ። "ኪራይ እየከፈልን!" ተባለ። እኔም በቁጣ ነው የሄድኩት። ሕንፃውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ነጭ ዲያቆን ነበሩ። መሰላል ላይ ሆነው አምፖል ሲቀይሩ አገኘኋቸው። ወርደው እጃቸውን ጠረጉና ስለ ወረቀቱ ይቅርታ ጠየቁኝ። "ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ትዕግሥት አጥቻለሁ" አሉ። መቼ እንዳረፈች ጠየቅኩ። ቀብሯ ቅዳሜ ነበር፤ እኛ አበባውን ከገፋንበት እሑድ በፊት ያለው ቅዳሜ።

እኛ ለቅሶ መድረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለማናውቀው ሰው ሳይቀር ነጠላ ዘቅዝቀን እንሄዳለን። የሰውዬውን ሐዘን ግን መድረክ ላይ አይተን ለኪቦርዱ ቦታ ስንፈልግ ነበር። በዚያ ሳምንት እናቶቻችን ቤታቸው ሄዱ። እንግሊዝኛ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰውዬው ግን አለቀሱ። ወረቀቱን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው አነሱት፤ ከዚያ በኋላ ስማችንን አንድ በአንድ መጥራት ጀመሩ።

ስለዚህ ለመጋቢያችሁ የምመክረው የጋራ ኮንፈረንስ አይደለም። በዓመት አንዴ አብሮ ዘምሮ፣ እንጀራ አቅምሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መበተን ቀላል ነው፤ በማግስቱ ማንም ለማንም አይደውልም። ይልቅ መጋቢያችሁ ለሁለቱም መጋቢዎች ይደውሉ። ምሳ ይብሉ። ስለ ኪራይ አይነሣ። ስንት ልጅ አለህ፣ ማን ታሞብሃል ይባባሉ። የጥቁሮቹ መጋቢ ቀስ ቢሉ አይቀየሙ፤ የሚያስጠነቅቃቸው ረጅም ታሪክ አለ። ሰው ሲሞትባቸው ይሂዱ። መድረክ መለዋወጥ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ሽማግሌያችሁ "እኛ እንግዳ ነን፤ እስኪጠሩን እንጠብቅ" ሊሉ ይችላሉ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ሐዋርያት ሥራ 8ን ያንብቡላቸው። ሰረገላው የማን ነበር? የኢትዮጵያዊው። ፊልጶስ አጠገቡ እየሮጠ ደረሰ፤ "ወጥቶም ከእርሱ ጋር ይቀመጥ ዘንድ ፊልጶስን ለመነው" ይላል። ለማያውቀው፣ ለሌላ ሕዝብ ሰው ቦታ የለቀቀው የእኛው ሰው ነው።

ለሥራ ባልደረባሽ ደግሞ ማብራሪያ አትፈልጊ። "ልክ ነሽ፤ አፈርኩ፤ ይቅርታ" በያት። ከዚያ እሑድ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚጀምሩ ጠይቂያት። የእናንተ አምልኮ ከሰዓት ነው፤ ሁለቱም ይደርስልሻል። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሽማግሌያችሁንም ጋብዣቸው። እምቢ ካሉ በሚቀጥለው ወር እንደገና ጠይቂያቸው።