ዋሽንትና ደብል ቤዝ ሳይስማሙ ሲቀሩ

በትዝታ ቅኝት ያለ ኖታ ስንጫወት ዋሽንቴና ደብል ቤዙ አይገጥሙም ላሉት፣ መቃኘት ያለበት ቤዙ ነው፤ የዋሽንቱ ድምፅ በሸምበቆው ርዝመትና በቀዳዳዎቹ ቦታ ስለሚወሰን በጥቂቱ ካልሆነ አይለወጥም፣ የቤዙ አራት አውታሮች ግን ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ።

አስቀድመው ዋሽንቱን ጥቂት ደቂቃ በመንፋት ያሙቁት። ከዚያም የቅኝቱን መነሻ ድምፅ አስረዝመው ሲነፉ፣ ጓደኛዎ አንዱን አውታር በቀስት እየሳበ ከእርስዎ ጋር ያስተካክል፤ በጣት ሲመታ ድምፁ ቶሎ ስለሚከስም ትንሿ ልዩነት ታመልጣለች። የቀሩትን ሦስቱን ከዚያው አውታር ተነስቶ ይቃኛቸው።

ምሽት ላይ ጣና ዳር የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ግቢ ስንጫወት፣ የሐይቁ ነፋስ ዋሽንቴን አቀዝቅዞ ድምፁን ዝቅ ስላደረገብኝ፣ ቤዙ ብቻውን በሚጫወትበት ጊዜ ሁሉ ብብቴ ሥር ሸጉጬው ነበር።