ጥያቄና መልስ፦ የሺዓ መቃሞች በታሪክና በፖለቲካ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ሺዓ መቃሞች፣ ማለትም ሰው ስለሚዘይራቸው የቅዱሳን መቃብሮች ጠይቁኝ፦ ኢራቅ ስላሉት ነጀፍ፣ ከርበላና ሳመራ፣ ኢራን ስላሉት መሽሀድ፣ ቁምና ሻህ ዓብዱል ዓዚም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አደራ፣ ስትጠይቁ ቦታና ዘመን ጥቀሱ። የድሮውን ታሪክም በዛሬዋ ኢራን አትመዝኑት።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ መቃብር እንዴት የፖለቲካ ቦታ ይሆናል?

መላሽ፦ የትኛው መቃብር? መቼ?

ተማሪው፦ እሺ፣ ቴህራን አጠገብ ያለው ሻህ ዓብዱል ዓዚም። 1905 አካባቢ።

መላሽ፦ አሁን ጠየቅህ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ጉዳይ ነውና ታገሱኝ። ቦታው ሬይ ላይ ነው፣ ከቴህራን በስተደቡብ። ለዚያራ፣ መቃሙን ለመጎብኘት፣ የሚጎርፈው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ በ1888 ባቡር ተዘርግቶለታል። በዚያ ዘመን ቅጥሩ ውስጥ የገባ ሰው አይያዝም ነበር። ባለዕዳ ይገባ ነበር፣ ሹም ያሳደደው ይገባ ነበር፣ ነፍስ ያጠፋም ይገባ ነበር። ፋርሶች ይህን ልማድ «በስት» ይሉታል። ጎንደር እጨጌ ቤት ገብቶ መማጠንን የሰማ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

በዲሴምበር 1905 የስኳር ዋጋ ናረ። የቴህራን ገዥ ነጋዴዎችን አስይዞ ውስጥ እግራቸውን አስገረፈ። ከተገረፉት አንዱ መስጊድ ያሠሩ፣ የተከበሩ አዛውንት ነበሩ። ባዛሩ ተዘጋ። ዑለማው፣ የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ ከነጋዴው ጋር ሬይ ወርደው ቅጥሩ ውስጥ ሰፈሩ። «የፍትሕ ቤት ይቋቋምልን» አሉ። የኢራኑ ንጉሥ ሙዘፈረዲን ሻህ ቃል ገባ፣ ቃሉን ግን በላ። በጁላይ 1906 ዑለማው ቁም ሄዱ። ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ደግሞ ከ12 ሺህ በላይ ሆኖ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን (ኤምባሲ) ግቢ ገባ። በየሙያው ድንኳን ተከለ፣ ትልልቅ ድስት ጣደ። በኦገስት ሻሁ ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈረመ። ልብ በሉ፣ ከመቃም የተማሩትን ዘዴ ነው ፈረንጅ ግቢ ይዘው የገቡት።

የባሌ ልጅ፦ ግን መቃብር መዘየር ራሱ ይፈቀዳል እንዴ?

የደሴው፦ ለምን አይፈቀድም? አያቶቻችን ሲዘይሩ ነው የኖሩት።

የባሌ ልጅ፦ አያት ያደረገው ሁሉ ማስረጃ አይሆንም።

አዲስ ገባ፦ ታዲያ የባሌው ሼህ ሁሴንም ሺዓ ናቸው? ስማቸው ሁሴን ነው።

መላሽ፦ ሱኒ ናቸው። ስም መመሳሰል ምንም አያሳይም። የዚያራን ፍርድ ደግሞ ዓሊሞቻችሁን ጠይቁ። እኔ ታሪክ ነው የማወራው።

ነጋዴ፦ መንግሥት ቅጥሩን ደፍሮ አያውቅም?

መላሽ፦ ደፍሯል፣ ዋጋም ከፍሎበታል። ጀማሉዲን አል-አፍጋኒ እዚያው ሻህ ዓብዱል ዓዚም ተጠግቶ የጊዜውን ንጉሥ ናስሩዲን ሻህን ይነቅፍ ነበር። በጃንዋሪ 1891፣ በዚያ ብርድ፣ ወታደር ገብቶ ታሞ ከተኛበት ጎትቶ አወጣው። በ1896 ሻሁ ለዚያራ እዚያው መቃም ሲገባ በሽጉጥ ተመታ። ገዳዩ ሚርዛ ረዛ ኪርማኒ የአፍጋኒ ተከታይ ነበር።

ከቤሩት፦ እኔ ቤሩት ነው የምሠራው። ዓሹራ ላይ አሠሪዎቼ የሚያለቅሱት ለማን ነው?

መላሽ፦ በ680 ከርበላ ላይ ለተገደለው ለነቢዩ የልጅ ልጅ ለሑሴን ነው፣ እህቴ። መቃብሩ እዚያው ነው። በ850 አካባቢ ኸሊፋው ሙተወኪል መቃሙን አፍርሶ መሬቱን አሳረሰው። ያስፈራው የሚሰበሰበው ሕዝብ ነው።

አዲስ ገባ፦ ሃይማኖትና ፖለቲካ እዚያ እንዴት ነው?

መላሽ፦ ቦታና ዘመን ብያለሁ።

የደሴው፦ ዑለማው ሻሁን ያልፈሩት ለምንድን ነው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ታላላቆቹ ከእጁ ውጪ ነበሩ፣ በኦቶማን ኢራቅ። በ1890 ናስሩዲን ሻህ የኢራንን የትምባሆ ንግድ ለአንድ እንግሊዛዊ ሰጠ። ከታላላቆቹ ዑለማ አንዱ ሚርዛ ሐሰን ሺራዚ ሳመራ ተቀምጦ ነበር። በ1891 መጨረሻ ማጨስን የሚከለክል ፈትዋ (የሃይማኖት ብያኔ) በስሙ ወጣ። ሕዝቡ ማጨስ አቆመ። የሻሁ ሚስቶች እንኳ አቆሙ ይባላል። በ1892 መጀመሪያ ውሉ ተሰረዘ። የዑለማው ገንዘብም ከቤተ መንግሥት አይመጣም። ምእመኑ ኹምሱን፣ ማለትም ከትርፉ አንድ አምስተኛውን፣ ለሚከተለው ዓሊም ይሰጣል። ከሕንዱ አወድ መንግሥት የተናዘዘ ገንዘብም ነጀፍና ከርበላ ይደርስ ነበር።

አዲስ ገባ፦ ስለዚህ መቃም ሁሌም የመንግሥት ጠላት ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ አላልኩም! ሻህ ዓባስ በ1601 ከኢስፋሃን መሽሀድ ድረስ በእግሩ ሄዷል። ናዲር ሻህ የነጀፍን ጉልላት በወርቅ አስለብጧል። ንጉሡም ተጠግቶበታል።

ተማሪው፦ በቅርብ ዘመንስ? ነጀፍ፣ 2004።

መላሽ፦ ይኸው፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። በኦገስት የሺዓው መሪ የሙቅተዳ ሰድር ታጣቂዎች መቃሙን ይዘው፣ የአሜሪካ ጦር ከቧቸው ነበር። የነጀፉ ታላቅ ዓሊም አያቶላህ ሲስታኒ ለሕክምና ከሄዱበት ለንደን ተመለሱ፣ ሕዝቡም አብሯቸው ወደ ነጀፍ ተመመ። ታጣቂዎቹ ወጡ፣ የመቃሙን ቁልፍም ለሲስታኒ ወኪሎች አስረከቡ።

ነጋዴ፦ የሳመራው የ2006 ፍንዳታስ?

መላሽ፦ እሱ ብቻውን አንድ ምሽት ይፈልጋል። ለሚቀጥለው ያዙልኝ።