ላፕቶፕህ ሲጮህ መጀመሪያ ሙቀቱን እየው፣ ፋኑን ቆይተህ ትነካዋለህ

ሰላም ወንድሜ። ብራውዘር ብቻ ከፍተህ እንኳ የላፕቶፕህ ፋን እንደሚጮህ ጽፈሃል። ፍጥነቱን የሚቀንስ ሶፍትዌር ብጭን ማሽኑን ይጎዳብኛል ወይ ብለህም ጠይቀሃል። ሶፍትዌሩ አለ፣ ይሠራልም። ግን እባክህ ከእሱ አትጀምር። እኔ ከእሱ ጀምሬ ስለነበር ነው እንዲህ የምልህ።

ያኔ ማታ ማታ ነበር የምሠራው፤ የፋኑ ጩኸት ራሴን ያዞረኝ ነበር። ኖትቡክ ፋን ኮንትሮል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ፕሮግራሙ ለየሞዴሉ የተዘጋጀ ሴቲንግ አለው። የእኔ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ስሙ የሚቀርበውን መረጥኩና ፋኑ እስከ 65 ዲግሪ ድረስ እንዳይነሳ አደረግኩ። ክፍሉ ጭር አለ። በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ ስጀምር ማውሱ ይንቀራፈፍ ጀመር። ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ አያስነካም። መለኪያውን ከፍቼ ሳይ 98 ዲግሪ ይላል፤ ፋኑ ግን አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ደንግጬ ፕሮግራሙን ዘጋሁት። ፋኑ ያው ነው። ሪስታርት አደረግኩት፣ አሁንም ያው። ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ካሳረፍኩት በኋላ ነው ወደ ልቡ የተመለሰው።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፋኑን የሚያዘው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ፤ ሙቀቱን እያነበበ ፋኑን የሚያፈጥነውና የሚያዘገየው እሱ ነው። የፋን ሶፍትዌር የሚያደርገው እዚህ ቺፕ ውስጥ ገብቶ ቁጥር መለወጥ ነው። የትኛው ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ የራስህ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የሚመስለውን አትሞክር። ፋኑ ይቅርና ሌላ የማታውቀውን ነገር ልትነካ ትችላለህ።

ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩ የሚባለው፣ ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ራሱ ቶሎ አይቃጠልም። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ የማሽኑ መንቀራፈፍም ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽኑን ያጠፋዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ጎኑ ያለው ባትሪ ነው። ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ በየቀኑ ሲጋገር ዕድሜው ያጥራል።

እንግዲህ መጀመሪያ ለካ። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጫን፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ማሽኑን ከፍተህ ምንም ሳትነካው አሥር ደቂቃ ተወው። ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ካነበብክ ጤነኛ ነው። ከባድ ሥራ ላይ 85 ወይም 90 ቢደርስም፣ በተለይ ስስ ላፕቶፕ ከሆነ፣ አትደንግጥ። ምንም ሳትሠራ 70 ከሆነ ግን የሆነ ነገር ከጀርባ እየሠራ ነው። ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈትና የሲፒዩ ዓምዱን ተጭነህ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድረው። እኔ ጋ ሁለት ነገር ተገኘ፦ ሌት ተቀን ፋይል የሚያመሳስል ፕሮግራምና የረሳሁት አንድ የብራውዘር ታብ። ታቡ ላይ የማስታወቂያ ቪዲዮ ያለማቋረጥ ይዞራል። እሱን ብቻ ስዘጋው ፋኑ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድምፁን አጠፋ።

ቀጥሎ እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን ልንገርህ። ዊንዶውስ ላይ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ወደ አድቫንስድ ሴቲንግ ግባ፤ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ሥር ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል አለ። ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አውርደው። አንድ ፐርሰንት ምን ትለውጣለች ልትል ትችላለህ። ግን በብዙ ማሽኖች ላይ ይህች አንዷ ቱርቦ ቡስትን ታጠፋለች። ቱርቦ ማለት ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ሲሮጥ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም አብሮ ይጨምራል፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ለዚህ ነው የመጨረሻዋ ፍጥነት ሙቀቷ የሚበዛው። እኔ ጋ ከባድ ሥራ ላይ 92 የነበረው ወደ 71 ወረደ። ብራውዘርና ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ አልታወቀኝም። ቪዲዮ ኤክስፖርት ግን ዘግይቷል፤ ያን ቀን መልሼ 100 አደርገዋለሁ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ሴቲንግ ተደብቋል። እንዲያ ከሆነ ፓወር ሞዱን ወደ ኃይል ቆጣቢው ቀይረው፤ አምራቹ የጫነው አፕ ካለና ጸጥ ያለ የሚል ሞድ ካለው እሱንም ሞክር። ይሄኛው ሴቲንግ ከአምራቹ ስለሆነ ያለ ስጋት ትጠቀምበታለህ።

የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ትሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም መቀነስም አለ። ነገር ግን በ2019 ፕለንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ ወዲህ በብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አፕዴት ተዘግቷል። ከተዘጋብህ ለመክፈት አትታገል።

አቧራውንም አትርሳ፤ አቧራ በሶፍትዌር አይጠፋም። የእኔን ስከፍተው በፋኑና በቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ በፒንሴት ስስበው እንደ ጨርቅ ቁራጭ ባንድ ላይ ተነሳ። አየሩ መውጫ አልነበረውም ማለት ነው፤ ፋኑ ቢጮህ አይፈረድበትም። ስታጸዳ ባትሪውን ንቀል፣ አየር ስትነፋም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ድምፁ ከረበሸህ ያኔ ወደ ፋኑ እንሂድ። ቲንክፓድ ከሆነ ቲፒ ፋን ኮንትሮል፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ቲንክፋን አለ። ማክ ከሆነ ማክስ ፋን ኮንትሮል። ስፒድፋንን ብዙ ሰው ይጠቁምሃል፤ እሱ ግን የቆየ ነው፣ አብዛኞቹን የላፕቶፕ ፋኖች አያያቸውም። ስታስተካክል መነሻውንና ማቆሚያውን አንድ ቁጥር ላይ አታድርገው። እኔ ሁለቱንም 55 አድርጌ ፋኑ በየሃያ ሴኮንዱ ሲነሳና ሲቆም አምሽቷል፤ ከወጥ ድምፅ ይልቅ እንዲህ ያለው ነው የሚያሰለች። አሁን በ60 ይነሳል፣ 48 ሲደርስ ይቆማል፣ ከ85 በላይ ሙሉ ፍጥነት ነው። ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ሳታስገባ ማሽኑን ትተህ እንዳትሄድ።

የላፕቶፕህን ሞዴል፣ ምንም ሳትሠራ ያነበብከውን ዲግሪና ታስክ ማናጀር ላይ ከላይ የወጡትን ሦስት ፕሮግራሞች እዚሁ ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።